ከጫካ የወጣው ወንድሜ

በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከእንግሊዝ አገር አንድ ደብዳቤ ቤታችን ደረሰ። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከአማርኛ በቀር የሚያነበው ቋንቋ ስላልነበረው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ሳይቀር፣ ወደ እኔ ይመራ ነበር። «እስቲ ያስተማርንህን አሳየና» ይለኛል። እኔም ባውቀውም ባላውቀውም ከማንበብ ወደኋላ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ደብዳቤው ከታላቅ ወንድሜ አልነበረም። ጋሼ ለትምህርት ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በየወሩ ይጽፍ የነበረው ሰው ከሐምሌ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶ ቤተሰቡ ሁሉ ተጨንቋል። ይኸኛውን የጻፉት እሱ ክፍል የተከራየባቸው አንዲት ባልቴት ናቸው። ደብዳቤያቸው ግማሽ ገጽ አይሞላም። የምናውቀውን ነገር የሚያስታውሱን ይመስል በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ «አውት» ማለት ውጪ ነው፣ «ውድስ» ማለት ደግሞ ጫካ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ተረጎምኩ፦ «ይህን ስትሰሙ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ልጃችሁ በመጨረሻ ከጫካ ወጥቷል። በርታ ሲል ራሱ ይጽፍላችኋል።»

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ «ጫካ» የሚለው ቃል ምን ያህል ይከብድ እንደነበር በዘመኑ ለኖረ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት፣ ቤት የሚፈተሽበት፣ ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰው የሚጠፋበት ዘመን ነው። ከውጭ አገር ትምህርቱን ጥሎ በሱዳን በኩል ዞሮ ጫካ ገባ የሚባል ተማሪ ወሬም በየሰፈሩ ይንሾካሾካል። የጋሼ ዝምታና የባልቴቷ ደብዳቤ በአባቴ ልብ ውስጥ ገጠሙ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ እናቴ ቡና የምታፈላበት ምድጃ ውስጥ ማገደው። የቀድሞዎቹም ደብዳቤዎች ተከተሉ። «ይህን ነገር በሕልምህም እንዳታወራው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከጋሼ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱም ሳይከፈቱ ነደዱ። እናቴ የአንደኛውን ቴምብር ብቻ ገንጥላ ዳዊቷ ውስጥ ሸሸገችው። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች አንዲት ፈሊጥ ነው። ግን ስለ እሷ ለመናገር ስለ ብዙዎቹ መናገር ያስፈልጋል። የአገራችንን ጉዳይ በዓመተ ምሕረት፣ የፈረንጆቹን ታሪክ ደግሞ በእነሱው አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

የግራና የቀኝ ደብተር

እንግሊዝኛ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው ዘግይቶ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ የበላይ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እንኳ የሚያወራው ፈረንሳይኛ ስለነበር ዛሬም ድረስ ጣቢያውን «ለገሃር» እንላለን። ነገሩ የተለወጠው ጣሊያን ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። የእንግሊዝ ጦርና አማካሪዎች ሲገቡ ቋንቋቸውም አብሮ ገባ፤ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ማስተማሪያም ሆነ።

በእኛ ጊዜ ፈሊጥ የምንማረው እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነበር። አስተማሪያችን ሰሌዳውን መሐል ለመሐል በጠመኔ ይከፍሉና በግራ ፈሊጡን፣ በቀኝ ፍቺውን ይጽፋሉ። «ባልዲውን ረገጠ» ማለት ሞተ፤ «ድመትና ውሻ ዘነበ» ማለት ዶፍ ወረደ። ገልብጠን እንሸመድዳለን። ፈተና ላይ ከመጣ ነጥብ ነው። አንድም ቀን እጁን አውጥቶ «ለምን?» ያለ ተማሪ አላስታውስም። የእኔ ደብተር ሰማንያ ስድስት ፈሊጥ ነበረው። ሰማንያ ሰባተኛው ቤታችን ድረስ በፖስታ መጣ።

ለመሆኑ ፈሊጥ ምንድን ነው? ቃላቱ እያንዳንዳቸው ታውቀው ሲያበቁ ድምራቸው ግን የማይታወቅ አነጋገር ነው። የራሳችንን ስለለመድነው አይታየንም እንጂ ለባዕድ ጆሮ አማርኛችንም የሚያስደነግጥ ነው። «የዚያ ልጅ ነገር አንጀቴን በላው» ስንል አንድ እንግሊዛዊ ቃል በቃል ቢፈታው ሐኪም ሊጠራልን ይሮጣል። «ዳገቱን ወጥቶ ቁና ቁና ተነፈሰ» ስንለውስ? ቁና የእህል መስፈሪያ ነው። ትንፋሽን በቁና የሰፈረው በአውድማ ዙሪያ የኖረ፣ ምርቱን ሲሰፍርና ሲያሰፍር ዕድሜውን የፈጀ ሕዝብ ነው። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበው በመጽሐፍ ሲያወጡ ብዙዎቻችን «ይህ ሁሉ በአፋችን ነበር?» ብለን የተደነቅነው ለዚሁ ነው። የራስን ፈሊጥ መስማትና ማየት የተለያዩ ናቸው።

ባሕርና መጽሐፍ

የእኛ ፈሊጥ አውድማና ችሎት ከሸተተ፣ የእንግሊዞቹ ጨውና ሸራ ይሸታል። በደሴት የሚኖሩ፣ በመርከብ የከበሩ ሕዝቦች ናቸውና። ሰው ባልጠበቀው ነገር ደንግጦ ክው ሲል «ቴክን አባክ» ይላሉ። አነጋገሩ የመርከበኛ ነው። ነፋሱ ድንገት ዞሮ ሸራውን ከፊት ሲመታው፣ ወደፊት ይሄድ የነበረው መርከብ ባለበት ተገትሮ ወደኋላ ይገፋል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ገመዶቹን ያውቃል» ይባላል። በሸራ መርከብ ላይ እጅግ ብዙ ገመድ አለ፤ የትኛው የትኛውን ሸራ እንደሚያወርድ በጨለማና በማዕበል ለይቶ የማያውቅ መርከበኛ ሰው ያስፈጃል። «እውነተኛ ቀለሙን አሳየ» የሚሉት ደግሞ ሰንደቅ ዓላማን ነው፤ መርከቦች ጠላትን ለማዘናጋት የሌላ አገር ባንዲራ ሰቅለው ይቀርቡና በመጨረሻ የራሳቸውን ይሰቅሉ ነበር። የእኛ ሰው ይህን ሐሳብ በባንዲራ አይገልጸውም፤ ባሕር ላይ ሆኖ ጠላቱን በባንዲራ አልለየማ!

ሁለተኛው ምንጫቸው ግን ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አንድ ነገር መውደቂያው መድረሱ ሲታወቅ «ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ነው» ይላሉ። ትንቢተ ዳንኤልን ያነበበ ሰው የብልጣሶርን ግብዣና በግድግዳው ላይ የጻፈችውን እጅ ስለሚያውቅ ይህን ፈሊጥ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ለጥቂት ያመለጠ ሰው «በጥርሴ ቆዳ አመለጥኩ» ሲልም ኢዮብን እየጠቀሰ ነው። ጥርስ ቆዳ የለውም፤ የዕብራይስጡ አነጋገር እንዳለ ስለተተረጎመ እንግሊዝኛው የሌለ ቆዳ ይዞ ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው የዊልያም ቲንዴል ታሪክ ነው። ቲንዴል መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክና ከዕብራይስጥ ወደ ሕዝቡ እንግሊዝኛ ልተርጉም በማለቱ ከአገሩ ተሰዶ፣ በ1526 ሐዲስ ኪዳንን፣ በ1530 የሙሴን አምስት መጻሕፍት አሳተመ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ላይ ሲደርስ አንድ የሚያስቸግር ቃል ገጠመው፤ «አዛዜል» ይላል። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ቃሉ የአንድ መንፈስ ወይም የቦታ ስም ነው ይላሉ። ቲንዴል ግን እንደ ቀደሙት የግሪክና የላቲን ተርጓሚዎች ቃሉን ለሁለት ከፍሎ «የሚሄድ ፍየል» የሚል ትርጉም አገኘበትና «ስኬፕጎት» የሚል አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ፈጠረ። የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚሰደደው ፍየል ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በሌላው ጥፋት የሚወነጀል ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ በዚህ ስም ይጠራል። ቲንዴል ራሱ በ1536 በብራስልስ አቅራቢያ ታንቆ ተገደለ፤ ሬሳውም ተቃጠለ። ንጉሥ ጄምስ ያዘዙትና በ1611 የወጣው ታላቁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከእሱ ሥራ ብዙውን እንዳለ ወሰደ። አንዱ ተርጓሚ ተሳስቶም ከሆነ ለቋንቋው ዘለዓለማዊ ቃል ያበረክታል፤ ሌላው ይሳሳትና የወንድሙን ደብዳቤ ያስቃጥላል።

ነብሩ ቀረ፣ ኢትዮጵያዊው ሄደ

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። እንግሊዞች ክፉ አመል እንደማይለቅ ሲናገሩ «ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም» ይላሉ። በደብተሬ ላይ ይህ ፈሊጥ በቁጥር 41 ተጽፎ ነበር። የትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 ቁጥር 23 መሆኑን ያየሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ነብሩ ብቻውን አይደለም፤ ከእሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊው ቆሟል። ነቢዩ ሕዝቡን የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዝንጉርጉርነቱን መለወጥ ይችል እንደሆነ ነው። ነገሩ ወቀሳ ነው፤ ክፋት የለመዳችሁ እናንተስ እንዴት በጎ ታደርጋላችሁ ለማለት ያመጣው ምሳሌ ነው።

ዕብራይስጡ «ኩሺ» ይላል። ግሪኩ «ኢትዮጵያዊ» አደረገው። በ1560 በጄኔቭ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጥቁር ሙር» ሲለው የ1611 ደግሞ ወደ «ኢትዮጵያዊ» መለሰው። በሕዝቡ አፍ ላይ ግን ሼክስፒር ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ የተባለውን ተውኔት በጻፈበት ዘመን እንኳ ነብሩ ለብቻው ሲጠቀስ እናገኛለን። ሁለት ሆነው ተነሥተው አንዱ ብቻ ደረሰ።

ኢትዮጵያዊው በሌላ ፈሊጥም ነበረ። በኤዞጵ ስም የሚታወቅ አንድ የግሪክ ተረት አለ። ሰውዬው ጥቁር ባሪያ ይገዛና ጥቁረቱ የቀድሞ ጌታው ሳያጥበው የቀረ እድፍ ይመስለዋል። ሲያጥበው፣ ሲፈትገው ይውላል፤ መልኩ አልተለወጠም፤ ባሪያው ግን ከውሃው ብዛት ታመመ። ከዚህ ተነሥቶ «ኢትዮጵያዊ ማጠብ» ማለት ከንቱ ልፋት ማለት ሆነ። የሆላንዱ ሊቅ ኢራስመስ ከ1500 ጀምሮ እያሰፋ ባሳተመው የምሳሌዎች ስብስቡ አስገባው፤ እንግሊዞችም ተቀብለው ለዘመናት ተናገሩት። በ19ኛው መቶ ዘመን የሳሙና ነጋዴዎች ጥቁር ሕፃን ሲታጠብ ነጭ ሆኖ የሚታይበትን ማስታወቂያ እስከ መሳል ደርሰዋል። ዛሬ ፈሊጡ ሞቷል። ሞቶም ጥሩ አደረገ።

የእኛው አጠቃቀም ግን ከሁሉም ይለያል። ያንኑ የኤርምያስን ቃል በመድረክና በጽሑፍ የምንጠቅሰው ደረታችንን ነፍተን ነው። ኢትዮጵያዊ መልኩን አይለውጥም ስንል አይከዳም፣ ማንነቱን አይሸጥም ማለታችን ነው። ነቢዩ ለወቀሳ ያመጣውን፣ እንግሊዞቹ ለስድብ ያስቀሩትን፣ እኛ ለኩራት ወሰድነው። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት ፍቺ። እንግዲህ የደብተሬ ቀኝ ገጽ የቱን ይጻፍ?

የእነሱ ጫካና የእኛ ዱር

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። «አውት ኦፍ ዘ ውድስ» ማለት ከአደጋ ተረፈ፣ ክፉው አለፈ ማለት ነው። በተለይ ሐኪም ስለ በሽተኛ ሲናገር ይህን ይላል። ይህን ያወቅሁት በ1975 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አንድ ወፍራም የፈሊጥ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ነው። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ለካ ጋሼ ታሞ ኖሯል! ለካ ባልቴቷ ከዚያ በፊት ሕመሙን ነግረውን፣ ያኛው ደብዳቤ መንገድ ላይ ጠፍቶ ኖሯል!

ግን ለምን ጫካ? እንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን መንገደኛ የሚፈራው ጫካን ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1285 ባወጡት የዊንቸስተር ድንጋጌ፣ ከአንዱ የገበያ ከተማ ወደ ሌላው በሚወስዱ አውራ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት መቶ ጫማ፣ ማለትም ስድሳ ሜትር ያህል፣ ወንበዴ የሚሸምቅበት ቁጥቋጦ ሁሉ እንዲመነጠር ታዟል። አልመነጥርም ባለ ባለርስት መሬት ላይ ዝርፊያ ቢፈጸም ተጠያቂው ራሱ ነው። ከጫካው ሳትወጣ አትጩህ የሚል ምሳሌያዊ አነጋገርም አላቸው። ለእነሱ ጫካ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ወጥተህ ሜዳ ስትረግጥ ተመስገን የምትልበት። ሮቢን ሁድ የሚሉት ዱር የገባ ሽፍታ በተረታቸው ቢኖርም፣ ፈሊጡን ያወረሳቸው ሽፍታው ሳይሆን መንገደኛው ነው።

የእኛ ዱር ሌላ ነው። የበደለውን ሹም የሚሸሽ፣ ፍርድ የተነፈገ ሰው «ዱር ቤቴ» ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ነው እንግዲህ! ካሣ ኃይሉ ቋራ በረሃ ሸፍቶ ኖሮ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ አርበኞች የኖሩት በዱር በገደሉ ነው። በእኛ ፈሊጥ ክብር ያለው ወደ ጫካ ሲገቡ ነው። ከጫካ መውጣት ግን ወይ ድል ነው፣ ወይ እጅ መስጠት። ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ዛፍ እያዩ አንዱ ወንበዴ፣ ሌላው መጠጊያ አየበት። እኔ ደግሞ የአንዱን ዛፍ ነቅዬ በሌላው መሬት ላይ ተከልኩት።

የፈሊጡን ፍቺ ባገኘሁ ዕለት ማታ ለአባቴ ልነግረው ቆርጬ ወደ ቤት ሄድኩ። ጋሼ በሕይወት እንዳለና እንደሚማር በ1972 ዓ.ም. ከዚያ የተመለሰ ሰው ነግሮን፣ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ የገና ፖስት ካርድ እንለዋወጥ ነበር። ካርዱ ላይ ከሰላምታ በቀር ምንም የለም። እኛ አንጠይቅም፤ እሱም አይጠይቅም። ስደርስ አባቴ ከገጠር ከመጣ የአክስቱ ልጅ ጋር ቁጭ ብሏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። አያቴ በጣሊያን ጊዜ አምስቱን ዓመት ዱር የከረሙ አርበኛ ናቸው። አባቴ «የእኔም ልጅ እንደ አያቱ ዱር ቤቴ ብሎ ነበር፤ አመለኛ አይደለም፣ ደሙ ነው» ሲል ሰማሁት። ያ ሰው ለአምስት ዓመት ሲፈራ ብቻ የኖረ መስሎኝ ነበር። ሲኮራም ኖሯል። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አባቴ በ1981 ዓ.ም. ሲያርፍ ልጁ ከጫካ የወጣ አርበኛ እንደሆነ አምኖ ነው።

ጋሼ በ1985 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩ ገባ። ሁለታችን ብቻ በተቀመጥንበት ነገሩን ከሥሩ አወጣሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።

«እኔ ሳንባዬ ታሞ ስድስት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ» አለኝ። «ስወጣ የእናንተን መልስ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ሁለቴ ጻፍኩ። በቃ ረስተውኛል ብዬ ተውኩት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ ነበርክ።» ትንሽ ቆየና፣ «አባባ ግን በእውነት ኮርቶብኝ ነበር?» አለ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ያቺን ቴምብር ከእናቴ ዳዊት አውጥቼ ሰጠሁት፤ ኪሱ ከተታት።

ከዚያ ወዲህ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ወጣቶች እንግሊዝኛ ፈሊጥ እንዴት ልማር ብለው ሲጠይቁኝ የምመክራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደብተራችሁን ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ክፈሉት እላቸዋለሁ፤ በግራ ፈሊጡን፣ በመሐል ፍቺውን፣ በቀኝ ደግሞ ከየት እንደመጣ፣ ከየትኛው መርከብ፣ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከየትኛው ጫካ። ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ የብዙዎቹን ምንጭ የሚያውቅ ሰው የለምና። ባዶ ቢሆንም ግን ይጠቅማል፤ ከመተርጎማችሁ በፊት ቆም ያደርጋችኋል። በ1970 ዓ.ም. ያቺን ታህል ቆም ብዬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት ባልነደደ ነበር።